ሲሸልስን በጋራ ካታማራን ልትዞሩ ካሰባችሁ

ሲሸልስ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው የሙሽሮች ፎቶና ዋጋው የሚያስደነግጥ ሆቴል ነው። ልክ ነው፣ ሆቴሉ ውድ ነው። ግን ደሴቶቹን ለማየት ሌላ መንገድም አለ። ካታማራን በምትባል ባለ ሁለት አካል የሸራ ጀልባ ላይ አንድ ካቢን (የመኝታ ክፍል) ብቻ ተከራይቶ ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር ለጥቂት ቀናት ወይም ለአንድ ሳምንት መዞር። ጀልባዋን ሙሉ አትከራዩም። ካፒቴኑና አብሳዩ ከጀልባዋ ጋር ይመጣሉ። የምትተኙት፣ የምትበሉት፣ የምትዋኙት እዚያው ነው፤ ጠዋት አንድ ደሴት፣ ከሰዓት ሌላ ደሴት፣ ልብሳችሁን አንዴ ካራገፋችሁ በኋላ ሻንጣ መሸከፍ የለም።

ርካሽ ነው አልላችሁም። ግን ሆቴል፣ በቀን ሦስቴ ምግብ፣ ከደሴት ደሴት የጀልባ ትኬት፣ የጉብኝት ክፍያ እያላችሁ ለየብቻ ደምሩትና አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ካታማራኑ ያዋጣል። የሚያዋጣው ግን ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የሚጠየቀውን ከጠየቃችሁ ነው። ሰው ሁሉ የጀልባዋን ፎቶ አይቶ ነው የሚወስነው። እኔ ደግሞ ከፎቶው ይልቅ ወሩን፣ ካቢኑንና አብሯችሁ የሚሳፈረውን ሰው ብዛት እዩ ባይ ነኝ። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ አሮጌ ጀልባም ደስ ይላል።

ወሩ

ሲሸልስ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አራት ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፣ ባህሩም ሁልጊዜ ለመዋኘት ይሞቃል። የሚለዋወጠው ነፋሱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ያለማቋረጥ ይነፍሳል። ዝናቡ ያንሳል፣ አየሩ ቀለል ይላል፣ ሸራው ይወጠራል፤ ባህሩ ግን ይናወጣል። እኛ ዣንጥላ ይዘን ጭቃ ስንረግጥ እነሱ ደረቁ ወቅት ላይ ናቸው ማለት ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፣ እርጥበትና ዝናብ ይዞ። ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ላይ ዝናቡ ይብሳል። ሁለቱ ነፋሶች በሚፈራረቁበት ጊዜ፣ ማለትም መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ፣ ከዚያም ጥቅምት ላይ፣ ባህሩ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሳፈሩ ከሆነ ከእነዚህ ከሁለቱ የመሸጋገሪያ ጊዜያት አንዱን ምረጡ። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ነፋስ ከሌለ ጀልባዋ የምትሄደው በሞተር ነው። ሸራ ተወጥሮ ማየት ነው ሕልሜ የሚል ሰው ሚያዝያ ላይ ሄዶ ሙሉ ቀን የሞተር ድምፅ ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። ያ ሰው ግንቦት ወይም መስከረም ላይ ይሂድ፣ የማቅለሽለሽ ክኒኑንም ይዞ። የሕንድ ውቅያኖስ ትልልቅ አውሎ ነፋሶች ግን ዋና ዋናዎቹን ደሴቶች እምብዛም አይነኳቸውም፤ በዚህ አትጨነቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ካታማራን ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች በሉት። መኝታዎቹ በግራና በቀኝ ባሉት አካላት ውስጥ ናቸው፣ በመካከል ሳሎኑና ምግብ ቤቱ አለ፣ ከፊት ደግሞ ሰው የሚጋደምበት መረብ ተወጥሯል። በጋራ የሚከራዩት ብዙውን ጊዜ ከስምንት እስከ 12 ሰው ይይዛሉ። ስምንት ሰውና 12 ሰው አንድ አይደለም። ጠረጴዛው ያው ነው፣ መረቡ ያው ነው፣ የውሃ ታንከሩ ያው ነው። ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ሰው የሚያንስበትን ፈልጉ።

ካቢኑ የት ጋ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። የፊት ካቢኖች ማዕበል ሲኖር ይበልጥ ይነሳሉ ይወድቃሉ፣ ጠዋት መልህቅ ሲነሳም ሰንሰለቱ ጆሯችሁ ሥር ይንኳኳል። የኋላዎቹ ይረጋጋሉ፣ ግን ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ከአልጋው ሥር ነው። የባህር ጉዞ የሚያጥወለውለው ሰው የኋላውን ይያዝ፣ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ደግሞ የፊቱን። አንዳንድ ጀልባ ላይ ፊት ለፊት ጫፉ ላይ ተደራራቢ አልጋ ያላት ጠባብ ካቢን አለች፤ ዋጋዋ ስለሚቀንስ ያጓጓል። ቁመታችሁ ረዘም ያለ ከሆነ ወይም ባልና ሚስት ከሆናችሁ ይቅርባችሁ።

ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሁለት ሰው አንድ ካቢን ይጋራል በሚል ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል፣ አለዚያ ከማያውቀው ሰው ጋር ይመደባል። ስለዚህ የየራሳችሁን ካቢን ለመያዝ ስንት እንደሚጨመር፣ ለመጋራት ከመረጣችሁም ወንድና ሴት ይቀላቅሉ እንደሆነ በጽሑፍ መልስ አስመጡ። በስልክ "ችግር የለም" የሚባል ነገር ወደብ ላይ ስትደርሱ ችግር ይሆናል።

ከዚያ ምን ተካቷል ምን አልተካተተም የሚለው አለ። ነዳጅ፣ አንሶላና ፎጣ፣ የመዋኛ ማስክና ስኖርክል (ፊት ውሃ ውስጥ ተደፍቶ የሚተነፈስበት ቱቦ) አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ናቸው። የብሔራዊ ፓርክ መግቢያና የግል ደሴቶች ላይ መውረጃ ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው፣ ሲደማመርም ቀላል አይደለም። አልኮልና ለስላሳ መጠጥ በሒሳብ እየተመዘገበ በመጨረሻው ቀን ይከፈላል። አየር ማቀዝቀዣ አለ ሲባልም ጄኔሬተሩ ሲበራ ብቻ ነው ወይስ ሌሊቱን ሙሉ? ይህን የማይጠይቅ ሰው ብዙ ነው፣ ሌሊት ላይ ግን ሁሉም ያስታውሰዋል። በቂ ሰው ካልተገኘ ጉዞው ይሰረዛል ወይ፣ ከተሰረዘስ ገንዘቡ መቼ ይመለሳል የሚለውንም አትርሱ፤ የአውሮፕላን ትኬት ቀድማችሁ ከቆረጣችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። ክፍያው በአብዛኛው በዩሮ ነው። ከአገር ቤት በባንክ ካርድ የምትከፍሉ ከሆነ ካርዳችሁ ላይ ያለውን የውጭ ምንዛሪ ጣሪያ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጾም የሚጾም ካለ ቦታ ስትይዙ ጻፉላቸው። ምግቡ ተገዝቶ የሚጫነው ከመነሳታችሁ በፊት ነው፣ ባህር መሃል ሱቅ የለም። "ቬጅቴሪያን ነኝ" ብቻ ካላችሁ እንቁላልና አይብ ነው የሚቀርብላችሁ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል አልበላም ብላችሁ አንድ በአንድ ዘርዝሩ፣ ዓሣ ትበሉ እንደሆነ አትበሉም እንደሆነም ግልጽ አድርጉ። ደግነቱ የሲሸልስ ምግብ ለጾም ይመቻል፤ በኮኮናት ወተት የሚሠራ የአትክልት ካሪ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ብሬድፍሩት (እንደ ድንች ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ የሚበላ የዛፍ ፍሬ)፣ ፍራፍሬ አይጠፋም። ለማይጾም ደግሞ ዓሣው አለ፣ አንዳንዴም ካፒቴኑ እየሄደ መንጠቆ ጥሎ የያዘው። ሚያዝያ ላይ የምትሄዱ ከሆነ ፋሲካ መቼ እንደሚውል አይታችሁ ቀኑን ቁረጡ።

ወረቀቱ ቀላል ነው። ሲሸልስ ከሞላ ጎደል ከማንም አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም። ግን ከበረራ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላና የሚከፈልበት የመግቢያ ፈቃድ አለ፤ የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማስረጃ ይጠየቃል። ለማረፊያው የጀልባውን ማረጋገጫ ታስገባላችሁ፣ የብስ ላይ የምታድሩባቸው ቀናት ካሉም የእነሱን ጨምሩ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዞ ይገኝ፣ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ወባ እዚያ የለም። በረራው ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ዱባይ፣ አቡዳቢና ዶሃ ላላችሁም ቀጥታ አለ። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ጀልባዋ በምትነሳበት ቀን አትግቡ፤ ሻንጣ ቢዘገይ ወይም በረራ ቢተላለፍ ካፒቴኑ ሌላውን ሰው አስቁሞ እናንተን አይጠብቅም። አየር ማረፊያው ባለባት በዋናዋ ደሴት በማሄ አንድ ሌሊት እደሩ።

ሻንጣ

ሳምሶናይት ይዛችሁ አትምጡ። ካቢኑ ውስጥ ማስቀመጫ የለም፤ ተጣጥፎ አልጋ ሥር የሚገባ የጨርቅ ቦርሳ ነው የሚያስፈልገው። ልብስም ብዙ አያስፈልግም፣ ጀልባ ላይ ሁሉም ሰው በዋና ልብስና በቲሸርት ነው የሚውለው፣ ጫማ ደግሞ ስትገቡ ይወልቅና ቅርጫት ውስጥ ይገባል። በባዶ እግር ትኖራላችሁ። ለባህር ዳርቻው ግን በውሃ ውስጥ የሚረገጥ የጎማ ጫማ ይኑራችሁ፤ ኮራሉ (ከባህሩ ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረው ሕይወት ያለው ነገር) ይቆርጣል፣ ድንጋዩ ሥርም እሾሃማ ፍጡሮች አሉ።

"እኛን ፀሐይ አያቃጥለንም" የሚባለውን ተረት እዚህ ተዉት። ውሃ ላይ ሆኖ ፀሐዩ ከላይም ከታችም ነው የሚመጣው። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ደፍታችሁ ለአንድ ሰዓት ዓሣ ስታዩ ጀርባችሁ ይላጣል። ከክሬሙ በላይ የሚሻለው እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ቲሸርት ነው፤ ለኮራሉም ይሻላል፣ ቅባቱ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሴቶች፣ ከጉዞው በፊት ሹሩባ ተሠሩ። በጨው ውሃና በነፋስ የተፈታ ፀጉር ማበጠር ማታ ማታ ሌላ ሥራ ነው። ሻሽም ያዙ።

ጀልባዎቹ ብዙዎቹ ፈረንሳይ የተሠሩ ስለሆኑ ሶኬታቸው ብዙውን ጊዜ የእኛ ዓይነት ክብ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ የብስ ላይ ግን ባለ ሦስት እግሩ የእንግሊዝ ሶኬት ስለሆነ ማስተካከያ ያስፈልጋችኋል። ፓወር ባንክ ያዙ፣ ጄኔሬተሩ ሁልጊዜ አይበራም። ሲም ካርድ አየር ማረፊያው ላይ ይሸጣል፣ በዋናዎቹ ደሴቶች ዙሪያም ኔትወርክ በአብዛኛው አለ። ነጠላ ወይም ቀላል ጋቢ ቢኖራችሁ ማታ መረቡ ላይ ስትጋደሙ ትመሰግኑኛላችሁ።

ቡናስ? የተፈጨ ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ አብሳዩ በደስታ ያፈላላችኋል፣ አብረዋችሁ ያሉትም ይወዱታል። ጀበናውን፣ ከሰሉንና ዕጣኑን ግን እቤት ተዉት። ጀልባ ላይ ግልጽ እሳት የሚያስደነግጣቸውን ያህል ምንም አያስደነግጣቸውም፣ ትክክልም ናቸው።

ማቅለሽለሽ

ካታማራን እንደ ባለ አንድ አካል ጀልባ ወደ ጎን አያዘነብልም፣ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ይህን ሰምታችሁ ግን አያጥወለውልም ብላችሁ አትዘናጉ። እንቅስቃሴው አጭርና ድንገተኛ ነው፣ ኮሮኮንች ላይ እንደሚሮጥ ሚኒባስ። ማዕበሉ አልፎ አልፎ ከሳሎኑ ወለል ሥር ጓ ብሎ ይመታል። ምንም አልተሰበረም፣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ክፉው መንገድ ከማሄ ወደ ሁለተኛዋ ትልቅ ደሴት ወደ ፕራስሊን ያለው ነው። 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍት ባህር ነው፣ በሸራ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ጊዜ ማዕበሉ ከጎን ይመጣል። ክኒኑን ሲጀምራችሁ ሳይሆን ከመነሳታችሁ በፊት ዋጡ፤ ከጀመራችሁ በኋላ አይረዳም። የትኛው እንደሚስማማችሁ ፋርማሲ ጠይቁ፣ አንዳንዱ በጣም ያስተኛል፣ እርጉዝ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ያማክር። ቁርስ አትዝለሉ፣ ግን ቀለል ያለ ይሁን። ካቢን ውስጥ ገብታችሁ ስልክ አትነካኩ። ከኋላ፣ አየር ባለበት ተቀመጡና ሩቅ ያለውን የሰማይና የባህር መገናኛ እዩ። ዝንጅብል የሚረዳቸው አሉ፣ ሻዩን ብትጠጡ አይጎዳችሁም። ማስመለስ ከመጣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ጎረቤቱን ያስቀይማል። ካፒቴኑ መሪ እንድትይዙ ቢጋብዛችሁ እሺ በሉ፣ መሪ የያዘ ሰው ብዙም አያጥወለውለውም።

ይህን ሁሉ አልችልም የምትሉ ከሆነ ጉዞው ከፕራስሊን የሚጀምር ካታማራን ፈልጉ። ከማሄ ፕራስሊን በፈጣኑ የመንገደኞች ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ በትንሽ አውሮፕላንም ይኬዳል። ከፕራስሊን ወዲያ ያሉት ደሴቶች ተቀራራቢ ናቸው።

ዋና ለማትችሉ

ደገኛ ነን። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፣ በዚህም የሚያሳፍር ነገር የለም። የሚያሳፍረው ሳይነግሩ መግባት ነው። አብረዋችሁ የሚሳፈሩት አብዛኛውን ጊዜ አውሮፓውያን ናቸው፣ ከልጅነታቸው የዋኙ፤ ከጀልባው ጫፍ ዘለው ሲገቡ አይታችሁ አትከተሉ። በመጀመሪያው ቀን ለካፒቴኑ "ዋና አልችልም" በሉት። ላይፍ ጃኬት አድርጋችሁ፣ ማስክ አጥልቃችሁ፣ የጀልባው ደረጃ አጠገብ መንሳፈፍ ትችላላችሁ፣ ውሃው ውስጥ ያለውም ያው ነው የሚታያችሁ። ዓሣው ዋናተኛና ዋና የማይችል ለይቶ አይሸሽም።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ አንድ ሁለት ጊዜ መዋኛ ገንዳ ሂዱና በስኖርክል መተንፈስን ተለማመዱ። እግራችሁ መሬት በሚነካበት ቦታ፣ ፊታችሁን ደፍታችሁ፣ በአፍ ብቻ ቀስ ብሎ መተንፈስ። የሚያስደነግጠው ጥልቀቱ ሳይሆን አፍንጫ ሲዘጋ የሚመጣው ስሜት ነው፣ እሱ ደግሞ በልምምድ ይለቃል። ማስኩ ውስጥ ፀጉር ከገባ ውሃ ያስገባል፤ ጺም ያላችሁም ከአፍንጫ በታች ትንሽ ያስቸግራችኋል።

ወደ ባህር ዳርቻ የሚወሰደው በትንሿ የሞተር ጀልባ ነው፣ ብዙ ቦታም መውረጃ የለም። አሸዋው አጠገብ ስትደርሱ ካፒቴኑ "አሁን" ሲል ትወርዳላችሁ፣ ውሃው እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ነው። "አሁን" ካለ አሁን ነው፤ ቦርሳ እየፈለጉ ከቆዩ ቀጣዩ ማዕበል ይደርሳል። ስልኩ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ይሁን።

አንድ ባህር ዳርቻ ላይ ዋና የሚችሉትንም አስጠነቅቃለሁ፣ ላ ዲግ በምትባለው ደሴት ላይ ያለውን ግራንድ አንስ። እጅግ ያምራል፣ በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወቅት ግን ወደ ጥልቁ የሚጎትት ኃይለኛ ጅረት አለው። እግራችሁን አርጥባችሁ ፎቶ ተነሱና ይብቃችሁ።

አብሮ መኖር

የመጀመሪያው ማታ ሁሉም ጨዋ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ባሕርይ ይወጣል። ጠብ የሚያመጣው ደግሞ ትልቅ ነገር አይደለም። ውሃ ነው። ታንከሩ የሁሉም ነው፤ ሻወር ስትወስዱ ራሳችሁን አርጥቡ፣ ዝጉ፣ ሳሙና ተቀቡ፣ ክፈቱና ተለቅለቁ። ከባህር ስትወጡ ጨውና አሸዋውን ኋላ ባለችው ሻወር አጥባችሁ ግቡ፣ አሸዋ አልጋ ድረስ አታምጡ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ወረቀትም ሆነ ሌላ ነገር አይጣልም፣ ለዚያ የተዘጋጀ ቆሻሻ መጣያ አለ። ቱቦው ጠባብ ነው። ከተደፈነ ካፒቴኑ በእጁ ነው የሚፈታው፣ ያን ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው ማን እንደደፈነው ያውቃል።

ድምፅም አለ። ግድግዳው ስስ ነው፣ የጣሪያ መስኮቶቹ ይከፈታሉ፣ የምታወሩት ሁሉ ይሰማል። በአማርኛ ስለሆነ ማን ይሰማናል ብላችሁ ስለ ጎረቤት አታውሩ፣ ቃናው ይገባቸዋል። ሌሊት ስልክ በስፒከር ከቤተሰብ ጋር ማውራት ይቅር። በሌላ በኩል ዝም ብላችሁ ጥጋችሁን ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ገበታው የጋራ ነው፣ ሰው ያዋራችኋል፣ ከየት እንደሆናችሁ ይጠይቃል። ሳህን ማንሳት ግዴታ ባይሆንም እኛ ዘንድ እንግዳ ሁሉ ሲነሳ አብሮ እንደሚያነሳ እዚያም ያምራል። አብሳዩን ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ አታስተምሩት፤ ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ቢላውም እሳቱም እየተወዛወዘ።

በካፒቴኑ ላይ አትከራከሩ። በማስታወቂያው ላይ ያለው የጉዞ ዝርዝር ዕቅድ ነው። ነፋሱ ከዞረ አንዳንድ መልህቅ መጣያ ለማደር አይሆንም። ለምሳሌ የፕራስሊኑ አንስ ላዚዮ ወደ ሰሜን ምዕራብ የተከፈተ ስለሆነ ግንቦትና ሐምሌ ላይ የተከለለ ነው፣ ጥር ላይ ደግሞ ሊናወጥ ይችላል። "ለዚህ ደሴት ነው የከፈልኩት" እያሉ ማኩረፍ የሌላውንም ሰው ቀን ያበላሻል።

ደሴቶቹ

ማሄ አጠገብ ያለው የሳንት አን የባህር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የተከለለው። ብዙ ጉዞ የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን ሌሊት እዚያ ነው የሚያድረው። ሞየን የምትባለውን ትንሽ ደሴት አሳዩን በሉ። ብሬንደን ግሪምሾ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1962 በ8,000 ፓውንድ ገዝቷት፣ ከአንድ የአገሬው ሰው ጋር ሆኖ ለዓመታት ዛፍ ሲተክልባት ኖረ። እስከ 16,000 ዛፍ ተክለዋል ይባላል። ሊገዟት የመጡትን ባለሀብቶች እምቢ ብሎ፣ በ2008 ደሴቷ በራሷ ብሔራዊ ፓርክ ሆነች፣ እሱም በ2012 አርፎ እዚያው ተቀበረ። ዙሪያዋን በአጭር የእግር ጉዞ ትጨርሷታላችሁ፣ ትልልቅ የየብስ ኤሊዎች መንገድ ላይ ተኝተው ታገኛላችሁ።

ፕራስሊን ላይ ግማሽ ቀን ለቫሌ ደ ሜ ጫካ ስጡ። ከባህር ውስጥ ለመውጣት የማይፈልግ ሰው እንኳ ይውጣ። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በጎረቤቷ ደሴት በኩሪየስ ብቻ ነው፣ ፍሬውም በዕፅዋት ዓለም ትልቁ ዘር ነው። ጫካው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለ። በጠዋት ግቡ፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት ጥቁሩ በቀቀን ሲያፏጭ ትሰሙት ይሆናል።

ኩሪየስ ከፕራስሊን ማዶ ናት። ለእኔ ከሁሉም በላይ ናት። ኤሊዎቹ በነፃ ነው የሚዘዋወሩት፣ አንገታቸውን ስታኩላቸው ቀጥ አድርገው ይዘረጉላችኋል። ጀርባቸው ላይ መቀመጥ ግን የለም፣ ልጆች ካሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከኤሊዎቹ ቦታ በማንግሮቭ (ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ረግረግ መካከል በእንጨት መተላለፊያ ተሻግራችሁ ወደ ሌላኛው ዳርቻ ትሄዳላችሁ። እዚያ የደሴቷ ሐኪም ይኖርበት የነበረው የድሮ ቤት አለ። ደሴቷ ለረጅም ዘመን፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚገለሉባት ነበረች፤ የሰፈራቸውን ፍርስራሽ ታሪክ ካፒቴኑ ወይም የፓርኩ ጠባቂ ቢነግራችሁ አዳምጡ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላ ሳን ፒየር አለች፣ ድንጋይና ጥቂት ዛፍ ብቻ፤ ስኖርክል የሚጀመርባት ቦታ እሷ ናት።

ላ ዲግ ላይ ብስክሌት ተከራዩ፣ መኪና ጥቂት ነው። ፎቶዋን የምታውቋት አንስ ሱርስ ዳርዣን መግቢያ ይከፈልባታል፣ በሉንዮን እርሻ በኩል ነው የሚገባው። ባህሩ ሲሞላ አሸዋው ይጠባል፣ ሲጎድል ደግሞ ውሃው ከጉልበት አያልፍም፤ ካፒቴኑን ሰዓቱን ጠይቁትና ሂዱ። የመንገደኞቹ ጀልባ ከመምጣቱ በፊት ብትደርሱ ሰው አይበዛም፣ ጀልባ ላይ ማደር ጥቅሙ እዚህ ነው።

ኩዘን የወፎች መጠበቂያ ናት። ሲሸልስ ዋርብለር የምትባል ትንሽ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ደሴቷ ለጥበቃ ስትገዛ በዓለም ላይ የቀረችው 30 የማትሞላ ነበረች፤ ከዚያች ደሴት ተነስታ ነው ዛሬ ሌሎች ደሴቶች ላይ የምትገኘው። የሚገባው በሥራ ቀናት ጠዋት ብቻ ነው። በራሳችሁ ጀልባም አትወርዱም፣ የደሴቷ ሰዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው ይወስዷችኋል፤ አይጥ እንዳይገባባቸው ነው። ወደ ላይ ያለችው አሪድ ከሷም ይልቅ ወፍ የሞላባት ናት፣ ግን መውረጃዋ ለደቡብ ምሥራቁ ነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ በዚያ ወቅት ተስፋ አትጣሉባት።

የትም ብትሄዱ ኮራል አትርገጡ፣ ዛጎል አታንሱ። ዓሣ በጦር መውጋትም ክልክል ነው። ድሮን ያላችሁ ፈቃድ ሳይኖራችሁ አታስነሱ።

የመጨረሻው ቀን

ጀልባዋ ብዙውን ጊዜ ከዋዜማው ምሽት ወደብ አጠገብ ትመለሳለች፣ በማግስቱም በማለዳ ውረዱ ትባላላችሁ። ያን ዕለት ማታ የመጠጥ ሒሳባችሁን ዝጉ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ግን የተለመደ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ተነጋግራችሁ በአንድ ፖስታ ሰብስቡና ለካፒቴኑና ለአብሳዩ እኩል ይከፈል በሉ። አብሳዩ ከሁሉም ቀድሞ ተነስቶ ከሁሉም ኋላ ነው የሚተኛው።

በረራችሁ ማታ ከሆነ ሻንጣውን የሚያስቀምጥላችሁ ቦታ ጀልባ አከራዩን ጠይቁና ቪክቶሪያ ከተማን እዩ፣ ትንሽ ናት፣ በእግር ትጨርሷታላችሁ። ገበያው ውስጥ ቅመም፣ ቫኒላና የደረቀ ሻይ ታገኛላችሁ። መሬት ስትረግጡ ለጥቂት ሰዓት የሚወዛወዝ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፣ ይለቃል። ኮኮ ደ ሜር ፍሬ ልግዛ የሚል ካለ ከመንገድ ዳር አይግዛ። ፈቃድ ካለው ሻጭ፣ መለያ ቁጥሩ የተለጠፈበትን፣ ከአገር የማውጫ ወረቀቱ ጋር ነው የሚገዛው። ያለ ወረቀቱ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰድባችኋል። ክብደቱንም አስቡ፤ ያ ለስላሳ ቦርሳችሁ ላይችለው ይችላል።